የፊታውራሪ ወንድይፍራው ቤት

ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲሄዱ፣ ከአስፋልቱ በስተቀኝ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ቀጭን አምባ የሚባል መንደር አለ። በዚህ መንደር የሣር ክዳን ያለው ቤት አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እሱም የወይዘሮ አረጋሽ ነው። የተቀረው ሁሉ ቆርቆሮ ለብሶ፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል። ወይዘሮ አረጋሽ ቆርቆሮ ያጡት ከሰው አንሰው አይደለም። ልጅ ስላላቸው ነው። ልጅ የሌለው ሰው ቆርቆሮ ሲያምረው ድንቹንና ነጭ ሽንኩርቱን ሸጦ ይገዛል፤ ልጅ ያለው ግን ልጁን ይጠብቃል።

እንዳለው የሚባለው ልጃቸው ደባርቅ ላይ አስጎብኚ ነው። መታወቂያውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ስለ ጭላዳ ዝንጀሮና ስለ ዋልያ በእንግሊዝኛ ሲያወራ የሰማው ሁሉ "ይህስ ያልፍለታል" ይል ነበር። አላለፈለትም። ኮሮናው መጣ፣ ጦርነቱ መጣ፣ ከዚያ ደግሞ መንገዱ አንድ ሳምንት ተከፍቶ ሁለት ሳምንት የሚዘጋበት ዘመን መጣ። እንዳለው በየዓመቱ እናቱን "ዘንድሮ ክረምት ሳይገባ ጣራሽን ቆርቆሮ አለብሰዋለሁ" ይላቸዋል፤ ክረምቱ ግን እሱን ሳያማክር ይገባል። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነ። ወይዘሮ አረጋሽ የሚያፈሰውን ቦታ አንድ በአንድ ስለሚያውቁት ከሰኔ እስከ መስከረም ድስትና ሳፋ ሲደቅኑ ይከርማሉ። ጎረቤት "ልጅሽ ፈረንጅ እያስጎበኘ አንቺ ትበሰብሻለሽ?" ሲላቸው "እሱ ምን ያርግ፣ ፈረንጁ ነው የጠፋው" ብለው ይመልሳሉ። የልጃቸውን ገመና ለሰው አሳልፈው አይሰጡም።

ዘንድሮ ግን ፈረንጁ ተገኘ። ፈረንጅ እንኳ አይባልም። ዶክተር ደርቤ ይባላል፤ አባቱ የቀጭን አምባ ሰው ነበሩ፣ እሱ ጎንደር አድጎ በሃያ ዓመቱ አሜሪካ የገባ የጥርስ ሐኪም ነው። በግንቦት ወር ለእንዳለው ረጅም ኢሜይል ጻፈለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ዶክተሩ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ፣ በአስጎብኚ እየተመራ፣ የአሜሪካን የጥንት ታሪክ ሲጎበኝ ከርሞ ነበር። ቨርጂኒያ ውስጥ የድሮ ከተማ አለ አሉ። እዚያ ሰዎቹ ባለ ሦስት ማዕዘን ባርኔጣ ደፍተው፣ ነጭ ካልሲ እስከ ጉልበታቸው ስበው፣ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሻማ ያቀልጣሉ፣ በጎራሽ ጠመንጃ ይተኩሳሉ። ምን ቢጠይቋቸው ከዘመናቸው አይወጡም። የዶክተሩ ልጅ አንዱን ቀጥቃጭ "ቤትህ የት ነው?" ብትለው፣ መኪናውን ማዶ አቁሞ እንደመጣ ሁሉም እያወቀ፣ "እዚሁ ከወናፌ አጠገብ" አላት። ልጅቱ ወደ ቤት ሲመለሱ መኪና ውስጥ "የእነሱን አየን፤ የእኛ የት ነው ያለው?" ብላ ጠየቀች። ስለዚህ አባቷ አሁን የሦስት ቀን ጉብኝት ይፈልጋል፤ በተለይ የቅድመ አያቱን የፊታውራሪ ወንድይፍራውን ቤት። ሰዎቹም በጊዜው አለባበስ ሆነው፣ የጊዜውን ኑሮ እየኖሩ፣ ከዘመናቸው ሳይወጡ ቢጠብቋቸው ደስ ይለዋል።

እንዳለው ኢሜይሉን ሁለት ጊዜ አነበበውና ብቻውን ሳቀ። "በጊዜው አለባበስ" የሚለው ነው ያሳቀው። የቀጭን አምባ ገበሬ በሬውን ጠምዶ ሲያርስ ለማሳየት ልብስ ማልበስ አያሻም፤ የእንግሊዝ ኳስ ቡድን ማልያውን ማስወለቅ ነው የሚያሻው። ሰው በየቀኑ የሚኖረውን ኑሮ ለሦስት ቀን "እየኖረ እንዲቆይ" ሲከፈለው የመጀመሪያው ሊሆን ነው።

ሳቁ ግን ቀጭን አምባ እስኪደርስ ነበር። የፊታውራሪ ወንድይፍራው ግቢ የት እንደነበር የማያውቅ የለም። ግማሹ ዛሬ ወፍጮ ቤት ነው፤ የናፍጣ ሞተሩ ከጠዋት እስከ ማታ ያጓራል። ግማሹ የማዳበሪያ መጋዘን ነው። ከጥንቱ ቤት የቀረ ነገር ቢኖር የወፍጮው ባለቤት ተራ የሚጠብቁትን ሴቶች የሚያስቀምጥበት አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፤ እሱም የፊታውራሪው ይሁን አይሁን የሚምል ሰው አልተገኘም። እንዳለው መሀል ቆሞ ዱቄቱን እየማገ አሰበ። "የቅድመ አያትዎ ቤት ወፍጮ ሆኗል" ብሎ ቢጽፍ ዶክተሩ ይቀራል። ዶክተሩ ከቀረ ቆርቆሮው ይቀራል። ቀና ሲል ከወፍጮው ማዶ የእናቱ ቤት ታየው። ክብ፣ በድንጋይ የተገነባ፣ ሣሩ ከርጅና የጠቆረ። ከዚያች ቤት የበለጠ ጥንት የሚመስል ነገር በወረዳው ውስጥ አልነበረም። ይህም የእሱ የእጅ ሥራ ነው፤ አራት ዓመት ቃሉን ባያጥፍ ኖሮ ታሪክ የሚመስል ቤት ከየት ይገኝ ነበር?

"ቤትሽን ላንድ ቀን አውሺኝ" አላቸው እናቱን።

"ቤት ይዋሳል?"

"ላንድ ቀን የፊታውራሪ ወንድይፍራው ቤት ይሆናል። ከአሜሪካ የልጅ ልጃቸው ልጅ ሊያየው ይመጣል።"

ወይዘሮ አረጋሽ ሳቁ። "ፊታውራሪ እኮ ጎንበስ ብለው የሚገቡበት ቤት ሠርተው አያውቁም ይባላል። እኔ እንኳን እገባለሁ ስል አናቴን ስንቴ ተመታሁ።" ከዚያ ሳቃቸውን ተዉት። "እኔስ ማን ልሆን ነው?"

"ቤቱን የምትጠብቂ።"

"እሱንስ ነኝ።"

"ብቻ የሆነ ነገር ከጠየቁሽ ዝም በይ።"

"እንዳለው፣ በሰኔ ጾም አታስዋሸኝ። ዝም ማለት እችላለሁ፤ ግን ዓይኑን ዓይኔ ላይ ጥሎ የጠየቀኝን ሰው እውነቱን ነው የምነግረው።"

"ገንዘቡ ለቆርቆሮሽ ነው፣ እማዬ።"

ወይዘሮ አረጋሽ ጣራውን ቀና ብለው አዩ። ማዕዘኑ ላይ ባለፈው ክረምት የተቦረቦረው ቦታ ብርሃን ያስገባል። "እንግዲህ" አሉ፣ "ለቆርቆሮው ከሆነ።"

እንዳለው ቀብዱ እንደደረሰው ዳባት ገበያ የቤት ክዳን ወደሚሸጠው ወዳጁ ወደ ጀላል ሄዶ ቆርቆሮውን አሳዘዘ። ከዚያ ቤቱን ወደ ኋላ መመለስ ጀመረ። ቤት ወደፊት ሲሄድ ነው የሚያስቸግረው እንጂ ወደ ኋላ ለመመለስ ግማሽ ቀን በቃው። ጀሪካኑን፣ ድስቶቹንና ሳፋውን ጎረቤት አስቀመጠ፣ የፕላስቲክ ወንበሮቹን አወጣ፣ ከሣሩ ላይ የፀሐይ መብራቱን ነቀለ፣ የእናቱን ስልክ ገብስ ጎታ ውስጥ ቀበረ። ከደባርቅ አንድ ሆቴል ግድግዳ ላይ ጋሻ ተውሶ ምሰሶው ላይ ሰቀለ፤ በጀርባው የሆቴሉ ስልክ ቁጥር ተጽፎበታልና ፊቱን ብቻ እንዲያሳይ አድርጎ በሽቦ ጠፈረው። ያባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ የሚዘርፍ ሰው እንዳለ ተረቱ ይነግረናል፤ እንዳለው ግን ዘራፊም ተዘራፊም ራሱ ነበር።

እንግዶቹ ሰኔ አጋማሽ ላይ፣ ሰማዩ ገና በማንጎራጎር ላይ ሳለ ደረሱ። ዶክተር ደርቤ ወፈር ያለ፣ ፊቱ የማይቆጣ ሰው ነው። ሚስቱ ሕሊና አዲስ አበባ ያደገች ናት፤ ጭቃውን አይታ ጫማዋን ቀየረች እንጂ አላጉረመረመችም። የዐሥራ ሁለት ዓመቷ ጥበብና የዘጠኝ ዓመቱ ልደቱ ከአማርኛ "እሺ"ና "ውሃ" የሚሉትን ያውቃሉ። እንዳለው እጀ ጠባብ ለብሶ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ተቀበላቸውና ከበሩ ፊት ቆሞ በእንግሊዝኛ "ይህ ታላቁ ፊታውራሪ ወንድይፍራው ተወልደው ያደጉበት፣ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ የቆየ ቤት ነው" አለ። ቤቱን አባቱ በደርግ ጊዜ ሲሠሩት እሱ ራሱ ጭቃ አቡክቷል።

ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ ገባና መቃኑን ሳመ። ወይዘሮ አረጋሽ መደባቸው ላይ እንደተቀመጡ ክው አሉ። በመቃናቸው ላይ ጥላሸት እንጂ የሚሳም ነገር አይተው አያውቁም።

"እንደምን ዋሉ እናቴ" አለ ዶክተሩ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ። "ይህ ቤት የማን ነው?"

ዓይኑን ዓይናቸው ላይ ጥሎ ነበር የጠየቀው። እንዳለው ከዶክተሩ ጀርባ ሆኖ በቅንድቡ ለመናቸው። ወይዘሮ አረጋሽ ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ እንግዳውን።

"የእኔ ነው" አሉ። "ባሌ ነፍሱን ይማረውና ለእኔ የሠራው ነው። ያፈሳል።"

ያን ጊዜ፣ ነገር ሲበላሽ አንድ በአንድ አይበላሽምና፣ ጎታው ጮኸ። ከገብሱ ውስጥ መዝሙር ይወጣ ጀመር። ልደቱ ወደ ጎታው ሮጠ። ወይዘሮ አረጋሽም እንግዳ ፊት ስልክ ማስጮህ ነውር መሰላቸውና ክንዳቸውን እስከ ትከሻቸው ከተው አወጡት፤ ስልክ የሚያነሡት በድምፅ ማጉያው ብቻ ነው፣ ሌላ አያውቁበትም።

"እማማ አረጋሽ፣ ጀላል ነኝ ከዳባት። ቆርቆሮዎ መጥቷል። ሣሩን መቼ ነው የምታፈርሱት? ዝናቡ ሳይቀድመን ልጫንልዎ።"

እንዳለው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። ዶክተሩ ግን ሳቀ፤ ሳቁን ተከትሎ አጨበጨበ። ወደ ልጆቹ ዞሮ በእንግሊዝኛ "ለእኚህ እናት የዳባት ገበያ ነጋዴ ሰላምታ እየላከላቸው ነው። ቨርጂኒያስ ያ ባለ ባርኔጣ ሰውዬ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮኾበት አልነበር?" አላቸው። ልጆቹ ሳቁ። ሕሊና ባሏን አየችው። ከዚያ ዶክተሩ የእንዳለውን ትከሻ ቸብ አድርጎ "እነዚህ ከእነዚያ ይበልጣሉ" አለ።

እንዳለው ላቡን ጠረገ። ሠላሳ ዓመት የሰው አፍ ውስጥ ሲያይ የኖረ ሰው፣ አሰበ፣ አማርኛው ከአእምሮው ተጠራርጎ ጠፍቶበታል። አሜሪካ ሰውን እንዲህ የምታጃጅል አገር መሆኗን ሲሰማ ነበር፤ አሁን በዓይኑ አየ። ለዚህ ሰው ሞኝነት እግዚአብሔርን ከልቡ አመሰገነ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ውሃ ሆኖ ፈሰሰ። ወይዘሮ አረጋሽ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ አቀረቡ። ልደቱ በልቶ መደቡ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ጥበብ ደግሞ አባቷን "ከእኔ ጀምሮ ወደ ኋላ ስንት ሰው ትቆጥራለህ?" አለችው። ዶክተሩ ጣቶቹን እያጠፈ ቆጠረላት፦ ጥበብ፣ ደርቤ፣ ተሰማ፣ ውብነህ፣ ወንድይፍራው፣ ዘገየ፣ ቢያድግልኝ። ሰባት። ልጅቱ ስሞቹን በተሰባበረ አንደበቷ ደገመቻቸው። ስትሳሳት ወይዘሮ አረጋሽ "ቢያድግልኝ በይ ልጄ፣ ቢ-ያድ-ግል-ኝ" እያሉ አረሟት። እንዳለው ይህን ሲያይ ደስ አለው። ደስታው እውነተኛ ነበር፤ ቤቱ ብቻ ነው ውሸቱ።

በማግስቱ ተራራው ላይ ካለው ፓርክ ወደ ሳንቃ በር ወጡ። ጭላዳዎቹ ሣር እየነጩ ተቀመጡላቸው፣ ጉሙም ገደሉን አንዴ እየገለጠ አንዴ እየከደነ አስደሰታቸው። አብሯቸው የወጣው ስካውት፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ ጠመንጃውን ተደግፎ ጥበብን የጓሳ ሣር አሳያት። "የድሮ ቤት ሁሉ የሚከደነው በዚህ ነበር" አለ፣ "አሁን ግን ከፓርኩ ማጨድ ክልክል ነው።" እንዳለው እየተረጎመላት ሳለ ዶክተሩ ወደ ጎን ሳብ አደረገው።

"አንድ ነገር አድርጌአለሁ" አለው። "ትናንት ማታ ከመንደሩ ሊቀ መንበር ጋር በስልክ ተነጋገርን። ቤቱ እንዳለ እንዲጠበቅ እፈልጋለሁ። ለትምህርት ቤቱ ዴስክ አሠራለሁ፤ እነሱ ደግሞ ቤቱን ቅርስ ያደርጉልኛል። ነገ ይመረቃል።"

"እንዳለ... ማለት?"

"ምንም ሳይነካ። ከነሣሩ።"

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይላል ያገራችን ሰው። እንዳለው ሣሩም ገደሉም እፊቱ ነበሩ። ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ፣ እግሩ ሥር ጓሳው እየተወዛወዘ፣ "በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው ዶክተር" አለ። ሌላ ምን ይበል? ቤቱ የእናቴ ነው ቢል መታወቂያውን ይነጠቃል፤ ዴስኩ ይቀራል፤ መንደሩም በእሱ ምክንያት ዴስክ እንደቀረበት እስከ ልጅ ልጁ ያወራል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ሊቀ መንበሩ አቶ ሀብተ ሚካኤል ይባላል። ቀጭን አምባ ላይ ድልድይ ለማስጠገን ሦስት ዓመት፣ ኮሚቴ ለማቋቋም አንድ ሌሊት ይበቃዋል። በሦስተኛው ቀን እንግዶቹ ሲደርሱ የቅርስ ጥበቃ ኮሚቴው ተሰይሞ፣ ቃለ ጉባኤው ተጽፎ፣ ዳባት የተሠራ ታፔላ ደርሶ ነበር፦ "የፊታውራሪ ወንድይፍራው ታሪካዊ ቤት"። ለወይዘሮ አረጋሽ ቤት የመጣው የመጀመሪያው ቆርቆሮ ይኸው ሆነ።

ሽማግሌዎች እንዲመሰክሩ ተጠሩ። ይህ ያገሩ ልማድ ነው፤ ሦስት ሽማግሌ ያልመሰከረበት ነገር አልተባለም ማለት ነው። እንዳለው ተስፋ ያደረገው እዚህ ላይ ነበር። በጾም ቀን፣ መስቀል ፊት፣ የቀጭን አምባ ሽማግሌ በሐሰት አይመሰክርም። አንዱ ቢናገር፣ እሱ ሳያወጣው እውነቱ ይወጣል።

መሪጌታ ሃብተ ጊዮርጊስ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ። "አበው እንደነገሩን" አሉ ቀስ ብለው፣ "ፊታውራሪ ወንድይፍራው በዚህ አገር የኖሩ፣ ደብሩን ያሳደሱ፣ ስመ ጥር ሰው ነበሩ። ይህም ቤት የቆመበት መሬት በዚያ ዘመን በእርሳቸው ግዛት ውስጥ ነበረ። ይህን እመሰክራለሁ።" ሁለተኛው ሽማግሌ ይህንኑ ደገሙ። ሦስተኛው ደግሞ ቤቱ ያረጀ መሆኑን በዓይናቸው እንዳዩ መሰከሩ። አንዳቸውም አልዋሹም። ሕዝቡ አጨበጨበ፣ ዴስኩ ተረጋገጠ።

ከዚያ አቶ ሀብተ ሚካኤል ቃለ ጉባኤውንና ቀለሙን ይዞ ወደ ወይዘሮ አረጋሽ መጣ። "እትዬ አረጋሽ፣ እዚህ ጋ አሻራዎን።"

"ምን ይላል?"

"ቤቱ ቅርስ ስለሆነ ክዳኑም ግድግዳውም ሳይለወጥ ይኖራል ይላል። እርስዎም ይኖሩበታል።"

"ቆርቆሮስ?"

"ቅርስ ላይ ቆርቆሮ አይሆንም።"

"ይሁን። ይህ ሣር ግን አልቋል፤ በሌላ ሣር ይከደንልኝ።"

"ሣሩ ያለው ፓርክ ውስጥ ነው፤ ማጨድ ክልክል ነው።"

"እንግዲያ ሣሩን ማንሣትም መተካትም አይቻልማ።"

አቶ ሀብተ ሚካኤል ወረቀቱን አየ፣ ሰማዩን አየ። "ኮሚቴው ያስብበታል" አለ።

ወይዘሮ አረጋሽ ከሕዝቡ መሀል ልጃቸውን ፈለጉት። እንዳለው እጀ ጠባቡን ለብሶ፣ መታወቂያው ደረቱ ላይ፣ ከታፔላው አጠገብ ቆሟል። አንድ ቃል ቢናገሩ ነገሩ ያበቃል። ቤታቸውን ያተርፋሉ፤ ልጃቸው ግን በሕዝብ ፊት ውሸታም ይባላል። እንዳለው ዓይናቸውን አይቶ ይህን ሁሉ እንዳሰቡት አወቀ፤ ልቡም አንዴ "ይናገሩ" አንዴ "አይናገሩ" አለው። ወይዘሮ አረጋሽ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ ነክረው ወረቀቱ ላይ ጫኑ። ከዚያ ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። እንዳለው በሕይወቱ እንደዚያ አፍሮ አያውቅም።

እንግዶቹ ሊሳፈሩ ሲሉ ዶክተሩን ከመኪናው ጀርባ ያዘው።

"ዶክተር፣ ልንገርዎት። ቤቱ የፊታውራሪ አይደለም። የእናቴ ቤት ነው። ዋሽቼዎታለሁ።"

ዶክተሩ አልደነገጠም። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ወለወለው። "አውቃለሁ" አለ። "አባቴ ቤታችን ከወራጁ ውሃ በላይ እንደነበር ሲነግረኝ ነው ያደግሁት። ወፍጮው ያለበት ነው። ደግሞስ ወንድሜ፣ እናትህ የእኔ ነው አሉኝ፣ ነጋዴው ቆርቆሮ መጣ አለ። አማርኛ አልጠፋብኝም።"

"ታዲያ ያጨበጨቡት..."

"ልጆቹ የእኔን ፊት እያዩ ነበር።" መነጽሩን መለሰ። "አሜሪካ የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ረገጡት የሚባል ድንጋይ አለ። አስጎብኚው ራሱ እርግጠኛ የሚሆን የለም አለን። ሰው ግን ተሰልፎ ያየዋል፤ እኛም ተሰልፈን አየን፤ ልጄም አመነች። እዚህ መጥታ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የአባቶቿን ስም ጠየቀችኝ። አሁን ሄጄ ወፍጮ ቤት ነበር ልበላት? አንተ ንገራት ከተባልህ ትነግራታለህ?"

ጥበብ ከመኪናው መስኮት ጭንቅላቷን አውጥታ ለወይዘሮ አረጋሽ እጇን እያውለበለበች ነበር። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ስሞቹን እየቆጠረች ነው።

"እናቴ ግን በክረምት..." አለ እንዳለው።

"ደባርቅ ይዘሃቸው ግባ። ካንተ ጋር ይሻላቸዋል።" ዶክተሩ እጁን ጨበጠው፤ ክፍያውንም እዚያው፣ ከተስማሙት አብልጦ ሰጠው። ክፉ ሰው አልነበረም። የሰጠው ገንዘብ የጣራ ክዳን ያስገዛል፤ ክዳኑን የሚለብስ ጣራ ብቻ ነው የጠፋው። እንዳለው "አይሆንም፣ እናቴ ከቤቷ አትወጣም፣ ለልጅዎ እኔ ራሴ እነግራታለሁ" ሊል አፉን ከፈተ። "መልካም ጉዞ" አለ።

መኪናው አስፋልቱን ሳይዝ ዝናቡ ወረደ። የደብረ ታቦር ቀን አይደለም፣ የሐምሌ ነጎድጓድ አይደለም፤ ተራ የሰኔ ዝናብ ነው፣ ዝም ብሎ የሚወርድ። ሕዝቡ ወደየቆርቆሮው ሮጠ። እንዳለው እጀ ጠባቡ እስኪበሰብስ ግቢው ውስጥ ቆመ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ገባ። ወይዘሮ አረጋሽ ድስቶቹን ከጎረቤት አስመልሰው፣ በየቦታቸው እየደቀኑ ነበር።

"ነገርከው?" አሉት ሳይዞሩ።

"ነገርኩት። ያውቅ ኖሯል።"

"ያውቅ ኖሯል?"

"ለልጆቹ ብሎ ነው ዝም ያለው። ልጅቱ እንዳይከፋት።"

ወይዘሮ አረጋሽ ሳፋውን እንደያዙ ቆም አሉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይቀለው ነበር።

"እሱስ ለልጆቹ ብሎ ዋሸ" አሉ። "አንተ ለማን ብለህ ነው የዋሸኸው?"

"ላንቺ ብዬ ነው፣ እማዬ።"

እናቱ ቀና ብለው ጣራውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ሳፋውን አስቀመጡ።

"እንግዲያ ና፣ ያንን ጫፍ ያዝ" አሉት። "አልጋውን ወዲያ እንሳበው፤ ዘንድሮ እዚህም ላይ ጀምሯል።"